መብራት ቢጠፋም የሚቀጥል ፊልም

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ጋቢዋን ሰበሰበችና «በሉ ደህና እደሩ፤ ይሄ የእናንተ ነው» አለች። ፊልሙ ገና ግማሽ አልደረሰም። ልጆቹ ዓይናቸውን ከቲቪው ሳያነሱ «ደህና እደሪ እምዬ» አሏት። ሄደች።

ማንም አላስቀየማትም። ፊልሙም ክፉ ፊልም አልነበረም። በቀለም ያሸበረቀ፣ እንስሳቱ ሁሉ ያለ እረፍት በእንግሊዝኛ የሚያወሩበት አኒሜሽን ነው። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ ግን ባዶውን ወንበር እያየሁ ቀረሁ። ቅዳሜ ማታን የቤተሰብ ፊልም ማታ ያልነው እኛው ነን። ባለቤቴ ሳምንቱን ኮምቦልቻ ሠርቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚመጣው ለዚህ ምሽት ነው። ቡናው የሚፈላው፣ ቆሎው የሚቆላው ለዚህ ነው። የቤቱ ትልቅ ሰው ተነስታ የምትሄድበት ነገር ታዲያ በምን ሂሳብ ነው የቤተሰብ የሚባለው? ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ።

ፊደሉ የማይቆጥረው

ደሴ ውስጥ ፊልም እንዴት ቤት እንደሚገባ ታውቁታላችሁ። ፍላሽ ይዛችሁ ፒያሳ ትወጣላችሁ። የሚጭነው ልጅ «የልጆች ነው?» ይላችኋል። «አዎ» ካላችሁ «አኒሜሽን» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገለብጥላችኋል። ካርቱን ከሆነ የልጆች ነው፤ አለቀ። አብዛኞቻችን ወላጆችም ከዚያ በላይ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መሳሳም አለው? ደም አለው?

አሜሪካኖቹ በየፊልሙ ላይ የሚያወጡት የዕድሜ ደረጃ አለ። ጂ ማለት ለሁሉም ይሆናል ማለት ነው። ፒጂ ሲሆን ወላጅ ያስብበት ማለት ነው። ፒጂ 13 የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1984 ነው የጨመሩት፤ በፒጂ ያለፉ አንዳንድ ፊልሞች ለትንንሽ ልጆች ያስፈራሉ የሚል ቅሬታ በዝቶ ነበር። ደረጃው ይጠቅማል፤ እኔም ሁልጊዜ አየዋለሁ። የሚቆጥረው ግን ድብድብን፣ ስድብን፣ እርቃንን ነው። ሐዘንን አይቆጥርም። «ፋይንዲንግ ኒሞ» ጂ ነው፤ የትንሹ ዓሣ እናት ግን ፊልሙ ከመጀመሩ ትሞታለች። የ1994ቱ «ላየን ኪንግ»ም ጂ ነው። አባትየው በልጁ ፊት ነው የሚሞተው።

«ላየን ኪንግ»ን ስናይ መካከለኛው ልጄ በአባትየው ሞት አልደነገጠም። የደነገጠው ከዚያ በፊት ነው። የዱር ከብቱ መንጋ በገደሉ ወርዶ አቧራውን እያስነሳ ሲሮጥ ቀስ ብሎ ከምንጣፉ ተነሳና አያቱ ጭን ላይ ወጣ። «ወዴት ነው የሚሸሹት?» አለ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ እጄን ይዞ ነበር የሄደው። ስለዚያ መንገድ ጠይቆኝ አያውቅም። የረሳው መስሎኝ ነበር። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እውነት ነው። ጂ የሚለውን ፊደል ያወጡት ሰዎች የኛን መንገድ ሊያውቁ አይችሉም። እሱን ማወቅ የወላጅ ድርሻ ነው።

ፊልሙን ከቤት አላባረርኩትም። ቆይቶ ራሱ ጠየቀ፤ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውንም ፊልም ለብቻዬ ቀድሜ ሳላይ አልከፍትም። ሙሉውን ለማየት ጊዜ ካላገኘሁ መጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ መሀሉን፣ ከዚያ መጨረሻውን አያለሁ። ማስታወቂያውን አላምንም። ማስታወቂያ የሚያሳየው ቀልዱን ብቻ ነው።

በግ ቆጥሮ የሚተኛ ሰው

የእናቴ ነገር ግን በዚህ አልተፈታም። ስለዚህ ወሬ የማይበዛበት ፊልም ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት «ሾን ዘ ሺፕ» የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የእንግሊዞች ፊልም ነው። በጎቹ በእጅ የተሠሩ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ጥቂት ጥቂት እየተንቀሳቀሱ ፎቶ በፎቶ ነው የተቀረጹት። ሰዎቹ እንኳን ያጉረመርማሉ እንጂ የሚሰማ ቃል አይወጣቸውም። እንግሊዝኛ የሚችል ከማይችለው የሚበልጥበት ነገር የለም።

እናቴ ደግሞ በግ ታውቃለች። ልጅነቷ ከበግ ጋር ነው ያለፈው። ገና በጎቹ ከበረት ሲወጡ «ያኛው ነው መሪያቸው፤ አረማመዱን እዩት» አለች። ልክ ነበረች።

አንድ ቦታ ላይ በጎቹ ከሥራ ለማረፍ ገበሬውን ማስተኛት ይፈልጋሉ። ተራ በተራ በፊቱ አጥር እየዘለሉ ያልፋሉ። ዞረው ይመጡና እንደገና ይዘላሉ። ሰውዬውን እንቅልፍ ይጥለዋል። ልጆቹ ግራ ገባቸው። «ለምን ተኛ?» ፈረንጆች እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው አጥር የሚዘሉ በጎችን በሐሳባቸው እንደሚቆጥሩ ነገርኳቸው።

እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «በግ እየቆጠረ የሚተኛ? በአላህ! በግ የቆጠረ ሰው እንቅልፉ ይጠፋል እንጂ። አንዷ ጎድላ ቢሆንስ?»

ፊልሙን አቆምነው። አንድ ማታ ስትቆጥር አንዲት በግ እንደጎደለች፣ አባቷ ችቦ ይዞ እንደወጣ፣ ጅብ ከታች እየጮኸ እሷ በሩ ላይ ቆማ እንዳደረች ነገረችን። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። የበጓን መጨረሻ ግን አልነገረችንም። «ቀጥሉ ቀጥሉ፤ የነዚህን እንይ» አለች። ያን ማታ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ገበሬው ራሱን ተመትቶ ማንነቱን ሲረሳና ከተማ ገብቶ የሰው ፀጉር በበግ መሸለቻ ሲቆርጥ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

መብራቱ የሄደ ጊዜ

ነገሩን ሙሉ በሙሉ የገለጠልኝ ግን ሌላ ቅዳሜ ነው። ክረምት ነበር። የጦሳ ተራራ ቀኑን ሙሉ በጉም ተሸፍኖ ውሏል። ቤት ውስጥ ከሰል አንድደን ሁላችንም አንድ ቦታ ተሰብስበናል። የከፈትኩት «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1997 በማጂድ ማጂዲ የተሠራ የኢራን ፊልም ነው። ለኦስካር የውጭ አገር ፊልም ሽልማት በመታጨት ከኢራን የመጀመሪያው ነው። ቋንቋው ፋርስኛ ነው። የታች ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ትልቋ ልጄ ጽሑፉን ጥቂት ሞከረችና ተወችው፤ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። በቃ ሁላችንም እኩል ሆንን።

ታሪኩ የጫማ ነው። አንድ ልጅ የእህቱን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ አትክልት ሊገዛ ይቆማል። ጫማው ይጠፋል። ቤት ገንዘብ የለም፤ ለአባት መናገር ያስፈራል። ስለዚህ እህትና ወንድም በአንድ ጫማ ይስማማሉ። እሷ ጠዋት አድርጋው ትማራለች። ስትለቀቅ በጠባቡ መንገድ ትሮጣለች። እሱ በነጠላ ጫማ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ይቀያየራሉ፤ እሱ ደግሞ ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ይሮጣል። ፈረቃ ምን እንደሆነ ለልጆቼ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ጫማማ ማን ነበረው?» አለች እናቴ። «እኔና እህቴ ነጠላ ነበር ተራ በተራ የምንለብሰው። እሷ ገበያ ከወጣች እኔ ቤት እቀመጣለሁ።» ይሄን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ልጇ ነኝ፤ ግን አልሰማሁትም።

ከዚያ ልጅቷ ጫማዋን ታየዋለች። ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የሌላ ልጅ እግር ላይ። ተከትላት ሄዳ ቤቷን ታያለች። ወንድሟን ይዛ ትመለሳለች። ሁለቱ ከጥግ ተደብቀው ሲያዩ ያቺ ልጅ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። አባቷ ዓይነ ስውር ነው።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ።

ቤቱ ጨለመ። ከሰሉ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ሁሉም ጮኹ። ከዚያ መካከለኛው «አሁን ሄደው ይቀሟታል!» አለ። ትንሿ «ለፖሊስ ይናገራሉ» አለች። ትልቋ «ለአስተማሪዋ ነው የሚናገሩት» ብላ አረመቻት። ባለቤቴ ስልኩን አብርቶ ሻማ ይፈልጋል።

«ተረት ተረት» አለች እናቴ።

ልጆቹ ከአፏ ነጥቀው «የላም በረት!» አሉ።

«እነዚያ ልጆች አይናገሩም። አባቷን አይተውታላ። ምን ብለው ይናገራሉ? ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እናትየው ግን ታውቃለች። እናት የማታውቀው የለም፤ ያላወቀች ትመስላለች እንጂ። በማግስቱ ወጥ ትሠራና ለዚያ ዓይነ ስውር ቤት በሳህን ትልካለች። ሳህኑን ይዛ የምትሄደው ጫማ የጠፋባት ልጅ ናት። እዚያ ቤት ስትደርስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች። ያቺኛዋም ጫማ እዚያው በር ላይ ነው። ሁለቱ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ይመሻል። በጨለማ ሲወጡ እግራቸውን ጫማው ውስጥ ይከታሉ። የማን የማን እንደሆነ ማን አየ?» ቆም አለች። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ ትንሿ «ከዚያስ እምዬ? የወንድምየው ጫማ እዚያ ቤት ቀረ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ክርክሩ ተጀመረ። ወንድምየው ያንን ጫማ ምን ያደርገዋል? ዓይነ ስውሩ የልጁን የእግር ድምፅ ይለያል ወይስ አይለይም? አባታቸውም ሻማውን ጠረጴዛ ላይ ለጥፎ ገባበት። መብራቱ ያን ማታ አልመጣም። ማንም አልፈለገውም።

በማግስቱ ቀሪውን አየን። በፊልሙ ውስጥ ልጆቹ በእውነትም አይናገሩም። ተያይተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። መካከለኛው «እምዬ ብላ ነበር!» ብሎ ጮኸ። የወጡ ሳህን ግን የለም፤ ፊልሙ በራሱ መንገድ ይሄዳል። መጨረሻውን ያላያችሁት እንድታዩት ብዬ አልነግራችሁም። ሩጫ አለበት፤ ልጁ በዚያ ሩጫ ላይ አንደኛ መውጣት አይፈልግም፤ ለምን እንደማይፈልግ ሲገባችሁ ልባችሁ ይነካል። ትንሿ ልጄ እስከ ዛሬ የአያቷ መጨረሻ ይሻላል ባይ ናት።

ለምን ቻለች?

ከዚያ ማታ በኋላ ያሰብኩት ይሄንን ነው። አንዲት ሴት ቃሉን ያልሰማችውን ታሪክ ከመሀል ተቀብላ እንዴት ቀጠለችው? ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል። ፊልሙ ሁሉን ነገር በዓይን ነው የሰጣት። ጫማውን አየች። ሩጫውን አየች። የልጅቷን ፊት፣ የአባትየውን ዓይን አየች። የቀረው የእሷው ዕውቀት ነው። ድህነትን ታውቃለች፤ ይሉኝታን ታውቃለች፤ ጎረቤትን ታውቃለች።

በተነሳችበት ፊልም ላይ ይሄ ሁሉ ዕውቀቷ ዋጋ አልነበረውም። ብዙዎቹ ትልልቅ አኒሜሽኖች ሁለት ዓይነት ቀልድ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ ለልጅ ነው፤ መውደቅ፣ መሮጥ፣ መጮህ። ሌላው ከልጁ ራስ በላይ ለወላጅ የሚወረወር ነው። ያ ወላጅ ግን አሜሪካዊ ወላጅ ነው። የእነሱ ዘፋኝ፣ የእነሱ የድሮ ፊልም፣ የእነሱ የቴሌቪዥን ሰው ካልገባህ ቀልዱ ያልፍሃል። ስለዚህ በእኛ ሳሎን ልጆቹ በግማሹ ይስቃሉ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ልጆቹን እያዩ ፈገግ ይላሉ። ይሄ አብሮ ማየት አይመስለኝም።

አሁን ፊልም ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ሆኗል። እዚህ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ፣ እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ቀሪውን ሊገምተው ይፈልጋል? ፈልጎስ ይችላል? ዕድሜ ደረጃውም፣ ርዝመቱም፣ ድምፁም ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ድምፁን ችላ የምለው ግን እንዳይመስላችሁ። ፍንዳታ የሚበዛበትን ማታ አልከፍትም። የኛ ከተማ ልጅ ድንገተኛ ድምፅን እንደ ሌላው አይሰማም።

በዚህ ጥያቄ ካለፉት አንዱ «ማይ ኔበር ቶቶሮ» ነው፤ ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራው። ክፉ ሰው የለበትም። ገጸ ባሕሪ ሁሉ ደግ ሆኖ እንኳን ፊልሙ ልብ ያንጠለጥላል፤ የሁለቱ እህትማማቾች እናት ሐኪም ቤት ተኝታለች። ልጆቹ ማታ በዝናብ ጃንጥላ ይዘው አባታቸውን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ይጠብቃሉ። አባታቸውን ከኮምቦልቻ መኪና ላይ የሚጠብቁ ልጆች ያንን ትዕይንት እንዴት እንዳዩት ልነግራችሁ አልችልም። ትንፋሻቸው አይሰማም ነበር።

ሌላው «ፍሎው» ነው፤ ከላትቪያ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የአኒሜሽን ኦስካር የወሰደ። አንድም ቃል የለውም። ውሃ ዓለምን ሲሞላ አንዲት ድመት ጀልባ ላይ ከሌሎች እንስሳት ጋር ትኖራለች። እናቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከድመቷ ጋር ስታወራ ነበር። «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ያዢው» ትላታለች። ለትንሿ ግን ከበዳት፤ አለቀሰች። ከሰባት ዓመት በታች ያለው ልጅ ጭን ላይ ሆኖ ቢያየው ይሻላል።

የትልቋ አቤቱታ

ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ኩሽና ድረስ መጥታ «እማ፣ ሁሉም ነገር ለእምዬና ለትንሿ ብቻ ሆነ። እኔ የምፈልገውን መቼ ነው የማየው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ጓደኞቹ የሚያወሩበትን ማየት ይፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ምሽት ማስደሰት አይቻልም፤ ይቻላል የሚሉትንም አላምናቸውም። ዓርብ ማታ የሷ ሆነ። ጓደኛዋን ትጠራለች፤ እኔ ቀድሜ ያየሁትን እሷ ትመርጣለች። ቅዳሜ የሁላችን ነው።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቅዳሜን ራሷ መቆጣጠር ጀመረች። ፊልም አውርዳ ትመጣና «ይሄኛው ወሬ የለውም፤ እምዬ ትከታተለዋለች» ትለኛለች። አንዳንዱን ደግሞ ራሷ «ይሄ ለሱ አይሆንም» ብላ ወንድሟን እየጠቆመች ታስቀረዋለች። ምክንያቱን አልጠየቅኳትም። ያንን መንገድ እሷም ሄዳዋለች።

በአማርኛ ቢሆን

ይሄን ሁሉ ስጽፍ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። እኛ አባባ ተስፋዬን እያየን ያደግን ነን። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተረት ይነግረናል፤ ትልልቆቹም ሥራቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር። ዛሬ ትንሿ ልጄ «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን ስታይ እናቴ አብራት ትቀመጣለች፤ ቀጭኔዋ በራሷ ቋንቋ ታወራታለች። እሱ ግን አጭርና ለታዳጊ ሕፃናት የተሠራ ነው። ሙሉ ምሽት የሚይዝ፣ ለልጅ ተብሎ የተሠራ የአማርኛ ፊልም ስፈልግ የሚጭነው ልጅ የሚያወጣልኝ የአዋቂ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ልጆቼ የፋርስ ጫማ፣ የእንግሊዝ በግ፣ የጃፓን ዝናብ አይተዋል። የደሴን ሰኞ ገበያ ግን በፊልም አላዩትም። የቦርከናን ወንዝ አላዩትም። ተረቱ አለን፤ ነጋሪው አለን፤ ወጣት ካሜራ ያዥም አለን። «ፍሎው» የተሠራው ማንም ሰው በነፃ በሚያወርደው ሶፍትዌር ነው። የቀረው ለልጆች ብሎ መቀመጥ ነው።

ባለፈው ወር ትልቋ እናቴን በስልኳ መቅረጽ ጀምራለች። የያዘችው የጎደለችዋን በግ ታሪክ ነው። መካከለኛው ሥዕሉን ይሥላል፤ ጅቡን ሦስት ጊዜ ሰርዞ ሠርቶታል፣ አያቱ «ይሄ ውሻ ነው» ስላለችው። ትንሿ የበጎቹን ድምፅ ትሰጣለች። በጓ ገና አልተገኘችም። እናቴ መጨረሻውን የምነግራችሁ ሥዕሉ እዚያ ሲደርስ ነው ብላለች።